በጉ ካልታሰረ ትርሲት አትፈተንም

ይህን ወሬ ያቀበለችኝ አስካለ ናት፤ ምድር ቤት የምትኖረው፣ ከደጃፏ ጎመን የተከለችው። አስካለ ግማሹን በዓይኗ አይታለች፣ ግማሹን ከትርሲት እናት ሰምታለች። የቀረውን እኔው በረንዳዬ ላይ ልብስ ሳሰጣ ያየሁት ነው። በረንዳዬ ወደ ግቢው ስለሚያይ ነው እንጂ የሰው ነገር ስከታተል አይደለም።

አዳማ ላይ፣ ነፋሱ አቧራውን ከማያሳርፍበት ዳርቻ፣ የእኛ ኮንዶሚኒየም አለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትርሲት የምትባል ልጅ ከእናቷ ከእታገኝ ጋር ትኖራለች። ሥራዋ የኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር ላይ መጻፍ እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ መሥመር መዘርጋት፣ ሲኮራረፉም ማስታረቅ ነው አሉ። የኮንትራት ሠራተኛ ነበረች። አለቃዋ ጠርቶ እንዲህ አላት፤ «ያንን ከባዱን ፈተና አልፈሽ ሰርተፍኬቱን ካመጣሽ ቋሚ ትሆኛለሽ፤ የማሽን ክፍሉም ባንቺ እጅ ይሆናል። ካላመጣሽ ግን ኮንትራትሽ ሲያልቅ ቦታውን ሰርተፍኬት ላለው ሰው እንሰጣለን።»

ፈተናው ቀልድ የለውም። ጥያቄ መመለስ ብቻ አይበቃም፤ የተበላሸ መሥመር ይሰጡሽና አስተካክዪ ይሉሻል። ትርሲት አዲስ አበባ ሄዳ ተፈተነች። ወደቀች።

መውደቋን ግን ያወቀ የለም። እንዴት ይወቅ? እታገኝ «ልጄ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ወድቃ አታውቅም» ብላ፣ ልጅቷ ጠዋት አውቶብስ ስትሳፈር እሷ ዳቦ ደፍታለች። ከሰዓት ትርሲት ግቢው ስትደርስ ድፎው ተቆርሷል፣ ጎረቤቱ ተሰብስቧል፣ እልልታው ቀልጧል። አንዱ ይስማታል፣ ሌላው ያቅፋታል። እኔም ስሜያታለሁ። ልጅቷ የሆነውን ልትናገር አፏን ስትከፍት እናቷ ዳቦ አጎረሰቻት። በሞላ አፍ ምን ይባላል? ዋጠችው። ከዚያ ቀን ወዲህ እታገኝ «ወረቀቱስ?» ባለች ቁጥር ልጅቷ «ይመጣል እማዬ» እያለች ከረመች።

ፈታኞቹ ሁለተኛ ዕድል ሰጧት። ዕድሉ የሚያበቃው አንድ ቅዳሜ ነው። አዲስ አበባ ያለው የመፈተኛ ቦታ ሞልቷል፤ የቀራት ከቤቷ በኢንተርኔት መፈተን ብቻ ነው። ይኸኛው ደግሞ ሕጉ የገዳም ነው። ብቻሽን ክፍል ውስጥ ትቀመጫለሽ። በሩ ይዘጋል። ካሜራው ያይሻል፣ ማይክሮፎኑ ይሰማሻል። ሰው ከገባ ወይም ጩኸት ከተሰማ ፈተናው ተሰረዘ፣ ዕድሉም አለቀ።

እንግዲህ ትርሲት የፈለገችው ትንሽ ነገር ናት። የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጸጥታ።

ከመስኮቷ ሥር ደግሞ ማን አለ? ደርበው በያጁ። ብረት ሲቆርጥ ግራይንደሩ የሚያወጣው ጩኸት ጥርስ ያነቃንቃል። ዓርብ ጠዋት ትርሲት ወደ እሱ ወረደች።

«ወንድም ደርበው፣ እንደምን አደርክ።»

«ኢንጂነሯ፣ ደህና ነኝ።»

«ነገ ከሰዓት ግራይንደሩን ብታቆምልኝ ብዬ ነበር።»

«ለምንሽ ነው ጸጥታው?»

«ራሴን ያመኛል።»

ደርበው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «ነገ ከሰዓት እንደሚያምሽ ዛሬ ጠዋት አወቅሽ?»

ትርሲት መሬት መሬት አየች።

«እኔ በወደድኩ» አለ ደርበው፤ «የእትዬ አስካለ የአጥር በር ነው ይኸ። ነገ ካልገጠምኩላት ከአናቴ አትወርድም። እሷ በሩን ታቆይልኝ እንጂ እኔ ግራይንደሩን አቆማለሁ።»

በሩ ካልቆየ ግራይንደሩ አይቆምም፤ ግራይንደሩ ካልቆመ ትርሲት ጸጥታ የላትም።

ወደ አስካለ ሄደች። አስካለ ጎንበስ ብላ የተነጨ ጎመን ትቆጥራለች፣ ትራገማለች።

«እትዬ አስካለ፣ የአጥሩ በር እስከ ሰኞ ቢቆይስ? ደርበው ግራይንደሩን እንዲያቆምልኝ ነው።»

«ለምንሽ ነው ጸጥታው?»

«እንቅልፍ አለብኝ።»

«በቅዳሜ ከሰዓት? ሌሊቱን ምን ስትሠሪ ልታድሪ ነው?» አለች አስካለ፤ ወሬ ሲሸታት ጎመኑን ረስታ ቀና አለች። ከዚያ ወደ ራሷ ነገር ተመለሰች። «በሩን ለጌጥ ያዘዝኩት መሰለሽ ልጄ? የአቶ ጉልላት በግ ነው ያሳዘዘኝ። እይው፣ ይኸን ቅጠል እይው፣ እንደ ምላጭ ነው የላጨው። እሳቸው በጉን ይሰሩልኝ፤ በሩ እስከ ፋሲካም ይቆይ።»

በጉ ካልታሰረ በሩ አይቆይም፤ በሩ ካልቆየ ግራይንደሩ አይቆምም፤ ግራይንደሩ ካልቆመ ትርሲት ጸጥታ የላትም።

ወደ አቶ ጉልላት ሄደች። አቶ ጉልላት ጡረተኛ ናቸው። በጉን ለበዓል ብለው ገዝተው በፍቅሩ ወድቀዋል፤ ስሙን «ሻለቃ» ብለውታል። ሻለቃ ደረጃው ላይ ቆሞ የሚያልፍ የሚያገድመውን ይገመግማል።

«አባባ ጉልላት፣ በጉን ነገ ቢያስሩልኝ። እትዬ አስካለ በሩን እንዲያቆዩ፣ ደርበው ግራይንደሩን እንዲያቆም።»

«ለምንሽ ነው ጸጥታው?»

«ስብሰባ አለኝ። በኢንተርኔት።»

«በስልክ ነዋ።»

«በካሜራ ነው።»

«በካሜራ።» አቶ ጉልላት ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «እና ብቻሽን ነሽ? ሌላ ሰው እንዳይታይ?»

«ብቻዬን ነኝ። ሰው እንዳይታይ።»

«ገባኝ» አሉ አቶ ጉልላት። ምን እንደገባቸው እግዜር ይወቅ። «ማሰሩንስ ባሰርኩት ልጄ። ቃጫ ገመድ ያኝከዋል፣ ሲባጎ ይበጥሳል። የሚችለው ያ ሰማያዊ ናይለን ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ጋሽ ወርዶፋ ለእድሩ ድንኳን ተውሰው ወሰዱት። ገመዴን ይመልሱልኝ እንጂ ሻለቃን አስረዋለሁ።»

ገመዱ ካልተመለሰ በጉ አይታሰርም፤ በጉ ካልታሰረ በሩ አይቆይም፤ በሩ ካልቆየ ግራይንደሩ አይቆምም፤ ግራይንደሩ ካልቆመ ትርሲት ጸጥታ የላትም።

እስከዚህ ድረስ ግቢው ዝም ብሎ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። ደርበው «ራስ ምታት» ብሎ ነገረን። አስካለ «እንቅልፍ» ብላ ነገረችን። አቶ ጉልላት «ካሜራ፣ ብቻዋን፣ ሰው እንዳይታይ» አሉን። ሁሉንም ደመርነው፤ ባል ወጣልን። ከሩቅ ሆኖ በካሜራ ሊያያት የፈለገ ሰው አለ። በረሃብ ላይ የቆየ ሰው እህል ሲያገኝ እንደሚሆነው ነው የሆንነው። አንዷ ሐኪም ነው አለች፤ ሌላዋ ሚስቱን የፈታ ነው አለች። እኔ መልኩን ብቻ ነው የጠየቅሁት።

ትርሲት ይኸን አታውቅም። ወደ ጋሽ ወርዶፋ ሄደች። ጋሽ ወርዶፋ የእድራችን ንብረት ያዥ ናቸው፤ ድስቱም፣ ወንበሩም፣ ድንኳኑም በእጃቸው ነው። ድንኳኑ ግቢው መሃል ተተክሎ ነፋሱ እንደ ሸራ ጀልባ ይነፋዋል። ሰማያዊው ናይለን ከዳር እስከ ዳር ወጥሮ ይዞታል።

«ጋሽ ወርዶፋ፣ ይህን ገመድ ቢፈቱልኝ። አባባ ጉልላት በጉን እንዲያስሩ፣ እትዬ አስካለ በሩን እንዲያቆዩ፣ ደርበው ግራይንደሩን እንዲያቆም።»

«ስሙ ማን ይባላል?» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

«የማን?»

«ተይው፣ ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ።» ገመዱን በመዳፋቸው መታ አደረጉት። «ይኸን ብፈታ ድንኳኑ ሞጆ ነው የምናገኘው። ነፋሱን አታይም? ድንኳኑ ከወረደ ገመዱ ያንቺ ነው። ድንኳኑን ያስተከለችው ደግሞ እናትሽ ናት። ድግሱ ሳይበላ ንክች እንዳታደርጉት ብላለች።»

ድግሱ ካልተበላ ድንኳኑ አይወርድም፤ ድንኳኑ ካልወረደ ገመዱ አይመለስም፤ ገመዱ ካልተመለሰ በጉ አይታሰርም፤ በጉ ካልታሰረ በሩ አይቆይም፤ በሩ ካልቆየ ግራይንደሩ አይቆምም፤ ግራይንደሩ ካልቆመ ትርሲት ጸጥታ የላትም።

እታገኝ ድንኳኑ ውስጥ ናት። ከእድሩ ድስቶች መካከል የትኛው ወጥ እንደማያሳርር እያንኳኳች ትመርጣለች።

«እማዬ፣ ይህ ድግስ ለምን ዛሬ ወይ ነገ ጠዋት አይበላም?»

«ወረቀቱ መጥቷል?» አለች እታገኝ፤ ዓይኗ በራ።

«አልመጣም።»

«ታዲያ ምን ብለን እንብላ? የልጄ ሰርተፍኬት በፍሬም ሆኖ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ ማንም እንጀራ አይቆርስም። ፍሬሙን አሠርቻለሁ። አንቺ አይደለሽ በዚህ ሳምንት ይደርሳል ያልሽኝ? ድንኳኑ ከሰኞ ወዲያ ለሰርግ ተይዟል ሲሉኝ ነው ቶሎ ያስተከልኩት። ይምጣ ብቻ። እኔ እጠብቃለሁ።»

ትርሲት ባዶው ድንኳን መሃል ቆመች። ነፋሱ ሸራውን ያራግባል። ጸጥታ ፍለጋ ከሦስተኛ ፎቅ ወርዳ፣ ሰው ለሰው ሲያቀባብላት፣ ዞራ ዞራ ራሷ ላይ ደርሳለች። ወረቀቱ እንዲመጣ መፈተን አለባት። እንድትፈተን ጸጥታ ያስፈልጋታል።

ትርሲት ካልተፈተነች ወረቀቱ አይመጣም፤ ወረቀቱ ካልመጣ ድግሱ አይበላም፤ ድግሱ ካልተበላ ድንኳኑ አይወርድም፤ ድንኳኑ ካልወረደ ገመዱ አይመለስም፤ ገመዱ ካልተመለሰ በጉ አይታሰርም፤ በጉ ካልታሰረ በሩ አይቆይም፤ በሩ ካልቆየ ግራይንደሩ አይቆምም፤ ግራይንደሩ ካልቆመ ትርሲት አትፈተንም።

አሁን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ ትርሲት ራሷ ኋላ ለእናቷ ያስረዳቻት ነው። አዲስ አበባ የጣላት ጥያቄ እንዲህ ያለ ነበር። ማሽኖች ክብ ሠርተው ተያይዘዋል። አንድ መልእክት ይገባል። አንዱ ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ጎረቤቱም ለጎረቤቱ፤ ባለቤቱን ሳያገኝ ይዞራል፤ እየዞረ ይባዛል፤ በመጨረሻ መሥመሩ ሁሉ ይታነቃል። ልክ እንደኛ ግቢ ወሬ። ትርሲት ያን ዕለት መልእክቱን ስታሳድድ፣ እዚህ ስትይዘው እዚያ ሲያመልጣት፣ ሰዓቱ አለቀባት። ቤቷ ገብታ ስታጠና ነው የገባት። መልእክቱን አያሳድዱትም። ከክቡ አንዱን በር ይዘጉታል፤ ያን ጊዜ ክቡ ክብ መሆኑ ይቀራል።

የትኛውን በር? ደርበውን አሰበች፤ አስካለን አሰበች፤ በጉንም አሰበች። አንዳቸውንም ልትዘጋ አትችልም። የምትችለው በር አንድ ነው፤ እሱም ያ ዳቦ የጎረሰው፣ «ይመጣል» የሚለው የራሷ አፍ ነው።

«እማዬ፣ ወረቀት የለም» አለች። «ወድቄያለሁ።»

እታገኝ ድስቱን እንደያዘች ቀረች። «መቼ?»

«ያኔውኑ።»

«ዳቦውን ስናጎርስሽ?»

«ወድቄ ነበር።»

«አጎትሽ ከጅማ ደውሎ ሲመርቅሽ?»

«ወድቄ ነበር።»

«ፍሬሙን ሳሠራ?»

«ወድቄ ነበር እማዬ።»

እታገኝ ድስቱን አስቀመጠች። ፊቷ ምን እንደመሰለ አስካለ አላየችም፤ ጀርባዋን ነበር የሰጠቻት። አዎ፣ አስካለ ከሸራው ጀርባ ነበረች፤ የባሉን ስም ልትሰማ መጥታ።

«አሁንስ?» አለች እታገኝ።

«አሁን ገና አልወደቅሁም። ነገ ከሰዓት እንደገና እፈተናለሁ፤ ከቤት። ጩኸት ከተሰማ ይሰረዛል፣ ሌላ ዕድል የለም። ጸጥታው ለሱ ነው።»

ከውጭ የደርበው ግራይንደር አንዴ ጮኸና ቆመ።

«ሰው ምን ይለኛል ብለሽ ነው የደበቅሽኝ?» አለች እታገኝ።

«አንቺ ምን ትያለሽ ብዬ ነው።»

እታገኝ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች፣ ከድንኳኑ ወጣች፣ የሰማያዊውን ናይለን ቋጠሮ ራሷ መፍታት ጀመረች። ጋሽ ወርዶፋ እየሮጡ መጡ።

«እታገኝ፣ ምን ነካሽ? ድግሱስ?»

«ልጄ ወድቃለች» አለች እታገኝ፤ ድምፅዋ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ፤ በረንዳዬ ላይ ነበርኩ። «ወድቃለች፤ ነገ ደግማ ትፈተናለች። ድግስ የለም። ያን ጫፍ ያዙልኝ።»

ጋሽ ወርዶፋ ያዙ። አስካለ ከተደበቀችበት ወጥታ ሌላኛውን ያዘች። «ባል የለም እንዴ?» አለች እየጎተተች። እኔም ከላይ ሆኜ ትንሽ ከፋኝ፤ ያ ሁሉ የደከምንበት ሐኪም እንዲሁ ቀረ።

ወሬው ከገመዱ ጋር ሄደ። ወረቀቱ እንደሌለ ታወቀና ድግሱ ቀረ፤ ድግሱ ሲቀር ድንኳኑ ወረደ፤ ድንኳኑ ሲወርድ ገመዱ ተመለሰ፤ ገመዱ ሲመለስ ሻለቃ ታሰረ፤ ሻለቃ ሲታሰር በሩ ቆየ፤ በሩ ሲቆይ አስካለ ራሷ ደርበው ዘንድ ሄዳ «ልጄ፣ ተወው በቃ» አለችው።

ደርበው ትርሲትን ደረጃው ላይ ጠበቃት።

«ይኸን ነበር ራስ ምታት ያልሽኝ?»

«ይኸን ነበር።»

«እኔ መንጃ ፈቃድ ስፈተን ፈታኙ በስሜ ነበር የሚጠራኝ፤ ቤተሰብ ሆነን ነበር። በኋላማ ስቀር ይደውልልኝ ጀመር።» ሳቀችለት። ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑን አላውቅም፤ እኔ እንኳ ሳቋን ረስቼው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ትርሲት በሯን ዘጋች። እታገኝ ደረጃው ላይ ተቀምጣ መንገዱን ዘጋች፤ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳለች። ደርበው ግራይንደሩን ከሶኬት ነቅሎ አጠገቡ አስቀመጠው፣ እንደ ተኛ ውሻ። ግቢው ጭጭ።

እንግዲህ ያላሰብነው ነገር መጣ። ታስሮ የማያውቅ በግ ሲታሰር ምን ያደርጋል? ሻለቃ አፉን ከፈተና ለሙከራ ያህል ዝቅ አድርጎ «ባአ» አለ። ግቢው ሁሉ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ቀና አለ። አቶ ጉልላት አፉን ሊይዙት ሞከሩ፤ በጉ ራሱን ነጠቀ፤ ሊደግም ጉሮሮውን አዘጋጀ። ያን ጊዜ አስካለ፣ ያቺ ስለ አንድ ቅጠል ስትራገም የከረመች አስካለ፣ ሮጣ ሄዳ ጎመኗን ከነሥሩ ነቅላ በጉ አፍ ውስጥ ከተተችው። በላ። ሲጨርስ ሌላ ነቀለች። ከዚያ ሌላ። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ከላይ አይለይም ነበር።

ከበሩ ወዲያ ደግሞ ያ ክብ ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ፤ ሌሎች ማሽኖች፣ ሌላ መልእክት። ትርሲት አላሳደደችውም። ቁጭ ብላ አየችው፣ አንዱን በር ዘጋች፣ ወደሚቀጥለው አለፈች።

በሩ ተከፈተ። እታገኝ ተነሣች፤ ነጠላው ከጥርሷ አልወጣም፤ ልትጠይቅ ፈርታለች። እኛ ሁላችን አንገታችንን አንጋጠጥን። ትርሲት በእናቷ በኩል አለፈች፣ ደረጃውን ወረደች፣ በአስካለ አለፈች፣ በበጉ አለፈች፣ ደርበው ፊት ቆመች።

«ወንድም ደርበው» አለችው፤ «አስነሣው።»

ደርበው ፊቷን አየ። ሶኬቱን ሰካ። ግራይንደሩን ብረት ላይ አሳረፈው። ያ ጥርስ የሚያነቃንቅ ጩኸት ግቢውን ሞላው፤ ፍንጣሪው ድንኳኑ ተተክሎበት እስከነበረው ቦታ ተረጨ። እታገኝ በዚያ መሃል ምን እንዳለች አልተሰማም። አፏ ግን ክፍት ነበር፣ ምላሷም ይርገበገባል።

ትርሲት አለፈች። የማሽን ክፍሉን ቁልፍ ይዛለች። ወረቀቱ መጣ፤ ፍሬሙ ጠበበው፤ ጠርዙን አጥፈው አስገቡት። ደርበው ሰኞ በሩን ገጠመ። በሩ የሚጠብቀው ጎመን የለም። አስካለ አሁን ቃሪያ ተክላለች። አቶ ጉልላት በዓሉ ሲመጣ ዶሮ ገዙ፤ ሻለቃ ደረጃው ላይ ነው። ገመዱን አኘከው። ጋሽ ወርዶፋ ድንኳኑን ለሰርጉ ወሰዱ። እታገኝ የልጇ እጅ ላይ ወረቀት ሳታይ ዳቦ አትደፋም።